ወደ ግድግዳ የዞረ ቁስል

ለሚመለከተው ሁሉ ይታወቅ ዘንድ፦ ማክሰኞ ጠዋት የባሕር ምርምር ጣቢያው የሻይ ማንቆርቆሪያ ጠፋ።

ጣቢያው ሐዘን ተቀመጠ ማለት ይቀላል። ዘበኛው ተጠየቀ፤ መሳቢያ ሁሉ ተከፈተ፤ የአስተዳደር ኃላፊው ኮሪደሩ ላይ ቆሞ «ይህ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ነው!» እያለ ጮኸ። ዳይሬክተሩ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ፣ ደርቆ የተገኘው፣ «ማንቆርቆሪያ እርስዎ ጋር ይኖር ይሆን?» ብለው ሊጠይቁት ሲገቡ ነው። በዚያ ቀን ሞቱ ሁለተኛ ዜና ሆነ።

ኢንስፔክተሯ ሐሙስ ስትደርስ ነገሩ ያለቀለት ይመስል ነበር። አጭር ሴት ናት፤ ጉንፋን እንደ ዘመድ ተጠግቷት የሚኖር፣ መሀረብ ከእጇ የማይለይ። ማንቆርቆሪያው ከባሕር እንስሳት ገንዳ አጣቢው የልብስ ሣጥን ውስጥ ተገኝቷል። ከውስጥ ሥሩ ላይ የባሕር መርዝ ተጣብቆበታል። ሰውየውን የገደለው በዚያ ማንቆርቆሪያ አጠገቡ የፈላ ውሃ እንፋሎት መሆኑን ሐኪሙ አረጋግጧል። አጣቢው እጁ በካቴና ታስሮ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ከሰዓት በኋላ መኪና መጥቶ ወደ እስር ቤት ይወስደዋል። ሠራተኛው «ኩርፌ» ይለዋል፤ ለማንም ፊቱን ፈትቶ አያውቅማ።

«ሟቹን ትጠላው ነበር ይላሉ» አለችው አጠገቡ ቁጭ ብላ።

«ማን ነው ያለው?»

«ሁሉም።»

«እውነታቸውን ነው። ሰኞ ዕለት ‹ይህን ሰውዬ መሬት ትዋጠው› ብያለሁ። ግን እትዬ፣ መሬት አልኩ እንጂ ማንቆርቆሪያ መች አልኩ?»

«አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።»

«ራሴማ ድሮ ተመልጧል» አለ፤ በታሰረ እጁ ኮፍያውን ከፍ አድርጎ አሳያት።

የአስተዳደር ኃላፊው የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው። ዓይኑ አብጧል። «ወንድሜ ብቻ አልነበረም፤ አባቴ ነበር፣ እህቴ!» ብሎ ተንሰቀሰቀ። «እዚህ ሁላችንም እንደ አንድ ቤተሰብ ነበርን።» ምክትል ዳይሬክተሩ ጥቁር ክራቫት አስሮ ያንኑ ቃል ደገመው፤ ልዩነቱ እሱ ያነባው በአንድ ዓይኑ ብቻ መሆኑ ነው። «ገንዳ ክፍል? እኔ? ክብርት ኢንስፔክተር፣ የጨው ውሃ ጫማ ይበላል» አላት። ወንድምየውም ከበሩ አልፎ እንደማያውቅ ማለ።

ስለዚህ ከኩርፌ ሌላ ገንዳውን የምታውቀው ተመራማሪዋ ዶክተር ብቻ ቀረች። ረጅም ናት፤ ስትናገር ሰሌዳ ፊት የቆመች ትመስላለች።

«ኮራል ሲያዩት ድንጋይ ነው፤ ሲጠጉት እንስሳ ነው» አለች በመስታወቱ እያሳየች። «እግር የለውም። ጎረቤቱ ቢያስጠላው ቤት መቀየር አይችልም። ታዲያ ጎረቤቱ ውሃው ውስጥ የለቀቀውን ይቀምሳል፤ ‹ባዕድ ነው› ካለ እሱም በተራው መርዝ ይቀምማል። በቀጭን ክርም ይገርፈዋል። እኔ ያገኘሁት፣ ለየትኛው ጎረቤት የትኛውን መርዝ እንደሚያዘጋጅ ነው።» መስታወቱን በእጅጌዋ ወለወለች። «ያገኘነው ማለቴ ነው። አርብ ዕለት ዳይሬክተሩ ለእንግዶች ግኝቱን ሲያስተዋውቅ ነበር።»

«ስምዎን ጠራ?»

«ሻይ አቅርቢ አለኝ።»

ኢንስፔክተሯ አፍንጫዋን ጠረገች። «ይሄ ጠርዙ ላይ አረንጓዴ የሆነውስ?»

«የቆየ ቁስል። መርዝ የነካው ጠርዝ ሲሞት መጀመሪያ እንደ ወተት ይነጣል፤ ሳምንት ሁለት ሳምንት ሲቆይ አልጌ የሚሉት አረንጓዴ የውሃ ተክል ይወርሰዋል።»

«እሺ፤ ይሄ ትልቁ?»

«አንጎሌ እንለዋለን። አንጎል አይመስልም?»

«ከፊቱ ያለው ባዶ ቦታስ?»

«ሙሽሪት የምንላት ኮራል ነበረች። አበባ የምትመስል፣ በመርዝ ማንም የማይስተካከላት። ባለፈው ወር ታመመች፤ ‹ጣላት› ብዬ ለኩርፌ ሰጠሁት። ምን እንዳደረጋት እንግዲህ…» ትከሻዋን ሰበቀች።

ኩርፌ ሲጠየቅ «ውሸት ነው፤ ምንም አልሰጠችኝም» አለ። የዶክተር ቃልና የአጣቢ ቃል ሲመዘኑ ሚዛኑ ወዴት እንደሚያደላ ጠያቂዋም ተጠያቂውም ያውቁ ነበር።

ኢንስፔክተሯ ገንዳው ጋር ብቻዋን ቀረች። መብራቱ የተንጠለጠለው ከፊት ለፊት ነው። ሌሎቹ ኮራሎች በሙሉ በመብራቱ በኩል ቡናማ፣ በጀርባቸው ገርጣ ያሉ ናቸው። አንጎሌ ግን የገረጣውን ጎኑን ለመብራቱ ሰጥቶ ተቀምጧል። ከቦርሳዋ የፊት መስታወቷን አውጥታ በገንዳውና በግድግዳው መካከል ባለው ክፍተት ሰደደችው። ለረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ አስነጠሳትና ሁሉንም አስጠራች።

ወንድምየው እንባውን፣ ምክትሉ ክራቫቱን፣ ዶክተሯ ማስታወሻ ደብተሯን ይዘው ቆሙ። ኩርፌ ከፖሊሱ ጋር በሩ ጋ ነው። የመኪናው ሞተር ከውጭ ይሰማል።

«መስታወቴን ተቀባበሉና እዩ» አለች ኢንስፔክተሯ። «አንጎሌ ከጀርባው ቆስሏል። ከጀርባው ያለው ግድግዳ ነው። ግድግዳ መርዝ ይረጫል?»

«ግድግዳማ አይረጭም» አለ ኩርፌ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

«እንግዲያው ቁስሉ ፊት ለፊት ነበረ፤ ሙሽሪት በነበረችበት በኩል። የገረጣው ጎን ወደ መብራቱ የመጣውም ለዚህ ነው፤ ድንጋዩን አንድ ሰው አዙሮታል። አሁን ቀለሙን ንገሩኝ።»

«ነጭ» አለ ምክትሉ መስታወቱ ውስጥ አጮልቆ። «እንደ ወተት።»

«ሙሽሪት ባለፈው ወር ሄዳ ቢሆን አልጌ ወርሶት አረንጓዴ በሆነ ነበር። ይህን ያስተማሩኝ ዶክተሯ ናቸው፤ እግዜር ይስጣቸው። ሙሽሪት እስከዚህ ሳምንት ድረስ እዚህ ነበረች። በየቀኑ ከዚህ ገንዳ የማይጠፋ ሰው ‹ባለፈው ወር አስጣልኳት› ካለ ረስቶ አይደለም።»

«አጣቢውም እኮ በየቀኑ እዚህ ነው!» አለ ወንድምየው።

«ነው። ግን ለኩርፌ ነጩም አረንጓዴውም ያው ድንጋይ ነው። ቁስልን የሚደብቅ፣ ቁስል ማንበብ የሚችል ነው። ማንም ያልተማረ ሰው ትቶት ይሄድ ነበር፤ እኔም አልፌው እሄድ ነበር። ሙሽሪትን ማንቆርቆሪያው ውስጥ የጨመረው፣ ማንቆርቆሪያውንም ኩርፌ ሣጥን ውስጥ የከተተው ድንጋዩን ያዞረው እጅ ነው። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንም፣ ዶክተር።»

ዶክተሯ አላለቀሰችም። አንገቷን ቀና አደረገች።

«ዘመኔን በሙሉ የሠራሁትን በአንድ ከሰዓት የራሱ አደረገው። እኔ እንደነዚህ» አለች ሁለቱን በአገጯ እየጠቆመች፣ «ወንበሩን አልተመኘሁም። ለእውነት ስል ነው።»

«ለእውነት!» አለ ኩርፌ። «እኔስ ለምን ስል ነው የታሰርኩት?»

ፖሊሱ ካቴናውን ከኩርፌ እጅ ፈታ። ወንድምየው «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለ ግንባሩን መታ፤ ምክትሉ ደግፎ ያዘው። እንዲህ ተቃቅፈው ላያቸው፣ እንዴት ተስማምተው ይኖራሉ ያሰኛሉ።

በሩ ተንኳኳ። ሱሪው በቀለም የተዥጎረጎረ ሰው፣ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ታቅፎ ገባ።

«ይቅርታ፣ ሰሌዳ ጸሐፊው ነኝ። የዳይሬክተሩን በር ፈልጌ ነበር።»

«ምን ልታደርግ?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ልሰቅል። ግን ተቸግሬያለሁ፤ በሩ አንድ ነው።»

ወረቀቱን ገለጠው። ሁለት ሰሌዳ ነው። በአንዱ የምክትሉ ስም፣ በሌላው የሟቹ ታናሽ ወንድም ስም ተጽፏል፤ በሁለቱም ሥር በወርቅማ ቀለም «ዋና ዳይሬክተር» ይላል። ሟቹ ገና አልተቀበረም። የወንድምየው ልቅሶ መሀል ላይ ተቋረጠ፤ የምክትሉ ክንድ ከትከሻው ላይ ወረደ።

ሰሌዳ ጸሐፊው ዞር ሲል ዶክተሯን አየና ፊቱ በራ።

«ውይ፣ ዶክተር! ይቅር ይበሉኝ፤ የእርስዎ ሰሌዳ ቀለሙ ገና አልደረቀም። ነገ ጠዋት አመጣዋለሁ።»

ዶክተሯ አንገቷን ደፋች።