ከበሩ አጠገብ ያለው ወለል

ያምሮት የቆርቆሮውን ቁራጭ በካቻቢቴ ስትፈነቅለው ከስሩ ያለው ብረት እንደ ደረቅ ቂጣ ተፈረካከሰ። በቀዳዳው አጮልቃ ስታይ ከሚኒባሱ ስር የግቢያቸው ሣር ታያት።

«ጋሼ እንዳለው፣ ይችን ይዩዋት እስኪ።»

እንዳለው አጎቷ ነው፤ የመጨረሻውን የተሳፋሪ ወንበር ወደ ውጭ እያወጣ ነበር። አስቀምጦት መጣና አጎንብሶ ተመለከተ።

«ዝም በያት። ቆርቆሮውን መልሽና በላዩ ላይ የወለሉን ልባስ ቀቢበት። ማን ያየዋል?»

ሚኒባሱ የአባቷ ነበር። ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ሲመላለስ ኖሮ አባቷ ከሞተ ወዲህ ከግቢ አልወጣም። ነገ ጠዋት አቶ ገነነ የሚባሉ ሰው ከደምበጫ መጥተው ሊገዙት ነው። ወለሉን በጥቁር ልባስ መቀባት የያምሮት ሐሳብ ነበር፤ ያ ለፒካፕ መጫኛ የሚሆነው፣ በሩሎ እየተንከባለለ የሚቀባው ወፍራም ልባስ። ሲደርቅ እንደ አሸዋ ይሻክራል፤ በጭቃ ጫማ ቢረግጡት አያንሸራትትም፣ ውሃም አያስገባም። አሠራሩን ስልኳ ላይ በቪዲዮ ተምራዋለች። እንዳለው መጀመሪያ ስቆባት ነበር፤ በኋላ ግን ራሱ ቡሬ ድረስ ሄዶ አንድ ባልዲ ይዞላት መጣ።

የዚህ መንገድ ሾፌሮች ላስቲክ ምንጣፉ ሲያረጅባቸው አዲሱን ከአሮጌው ላይ ይደርቡታል። አባቷም እንደዚያው ያደርግ ነበር። ዛሬ ሦስት ምንጣፍ አንስተው ነው ብረቱን ያገኙት። የክረምቱ ውሃ ከገበያተኛው ጨው ጋር በምንጣፎቹ መካከል ታቁሮ፣ በተለይ ከበሩ አጠገብ፣ ብረቱን በልቶታል።

«ሰው የሚረግጥበት ቦታ እኮ ነው» አለች ያምሮት።

«ቆርቆሮ አለው አልሁሽ።»

«ይበየድ እንግዲያ።»

«በአንድ ቀን ብየዳ የታባቱ ይገኛል? ነገ ሰውየው ሲመጣ መኪናው የለም ልበለው? ይህን ከሰማ ደግሞ ተመልሶ አይመጣም። ከእሱ ሌላ ማን ጠየቀን?»

«ታዲያ እውነቱን እንንገራቸው፤ ይወስኑ።»

«እሰይ! ዘጠነኛ ክፍል ሳትጨርሽ መካኒክም ዳኛም ሆንሽልን!» ብሎ ሳቀ። ወዲያው ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚ ያምሮት። ይህን ቆርቆሮ ማን የመታው ይመስልሻል?»

ቁራጩን ገልብጣ አየችው። ከዘይት ቆርቆሮ የተቆረጠ ነው። አራቱም ጥጎች የሰው እግር እንዳይቆርጡ ወደ ውስጥ ታጥፈው በመዶሻ ተደፍጥጠዋል። የዶሮዎቹን ውሃ መጠጫ እንዲህ አድርጎ የሠራው አባቷ ነው። የወጥ ቤቱን በር ግርጌም እንዲሁ።

«ወንድሜ መቃብሩ ሳይደርቅ ‹የበሰበሰ መኪና ላይ ሰው ሲጭን ኖረ› ሊባል ነው? በዚህ መንገድ ስሙ እንዴት እንደሚነሣ ታውቂያለሽ። እሱ እንደሁ ተነስቶ መልስ አይሰጥ።»

ያምሮት ቁራጩን ከጎኗ አስቀመጠች። እንዳለው ተጠባባቂ ጎማውን እያንከባለለ ሊያስነፋው ወጣ። «እስክመጣ ጨርሰሽ ልይሽ!» አላት ከግቢው በር ላይ።

ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፈቀፈቀች፣ በብርጭቆ ወረቀት አሻሸች፣ በቲነር በራሰ ጨርቅ ወለወለች። ከዚያ ከኋላ ጀምራ ሩሎውን አንከባለለች። ሽታው አይኗን አስለቀሳት፤ እንባዋን በእሱ ማመካኘቱም አልከፋትም። በሩ አጠገብ ስትደርስ ቆርቆሮውን መልሳ በቀዳዳው ላይ አስቀመጠችና በተረከዟ ተጫነችው። ሰመጠ። አቶ ገነነ ባለፈው መጥተው የተናገሩት ትዝ አላት። «ወደ ገበዝ ማርያም ነው የማሠራው፤ ጠዋት ጠዋት ተማሪ እጭንበታለሁ» ብለው ነበር። ዘግይቶ የሚሳፈር ተማሪ የሚቆመው በሩ አጠገብ ነው። እሷ ራሷ ስንት ጊዜ ቆማበታለች።

እናቷ ሀብትነሽ ጥቁር ነጠላዋን እንደ ለበሰች ከቤት ወጣች። ቆርቆሮውን ስታይ ጎንበስ ብላ አነሣችው። የታጠፈውን ጥግ በአውራ ጣቷ ደባበሰችው።

«የት ነበር?»

«ከምንጣፉ ስር። ጋሼ እንዳለው ሸፍኝው አሉኝ። ለአባቴ ስም ሲሉ።»

«አንችስ?»

«አባቴ ያውቅ ነበር፣ እማ!» ድምፅዋ ከፈለገችው በላይ ጮኸ። «እያወቀ ነው የሸፈነው። ሰው ከላዩ ላይ እያቆመ!»

እናቷ አልተቆጣቻትም።

«ሲመቸኝ አሠራዋለሁ ብሎ ይሆናል» አለች። «አልተመቸውም።»

ቆርቆሮውን ካነሣችበት መልሳ አስቀመጠችው። «እጅሽን በቲነር አታሻሽው፤ ቆዳሽን ይልጠዋል» ብላ ወደ ቤት ገባች።

ያምሮት በሩ ወደ ተዘጋው ቤት ጥቂት ተመለከተች። ከዚያ ቆርቆሮውን አንስታ ሣሩ ላይ ወረወረችው። በበሰበሰው ቦታ ዙሪያ የወረቀት ፕላስተር ለጠፈችና ከፕላስተሩ ወዲያ የቀረውን ወለል ቀባች፤ ሲጠነክር ሁሉንም ለሁለተኛ ጊዜ ደገመችው። ጥቁሩ ወለል አዲስ መሰለ። በሩ አጠገብ ግን ቀዳዳው አፉን ከፍቶ ቀረ።

ከአጥሩ ውጭ የጎማ መንከባለል ተሰማ።

«ያምሮት! ሸፈንሽው?»

ወደ ባልዲው ተመለከተች። ከታች ጥቂት ልባስ ቀርቷል፤ ለዚያች ቦታ ይበቃል፤ እንዳለውም ሩሎ ይዞ ራሱ መሸፈን አያቅተውም። ሩሎውን ነክራ ወደ ሾፌሩ ወንበር ዞረችና ፍሬን መርገጫው ስር ለሦስተኛ ጊዜ ቀባች። የባልዲውን ግድግዳ ጠርጋ ደገመችው። ሩሎው ደርቆ ሲጢጥ እስኪል ድረስ አላቆመችም።

«አልሸፈንሁትም፣ ጋሼ» አለች ሳትዞር። «ልባሱም አልቋል።»