ፍላሹን ስንመታው

ያላየ ሰው ቢስቅብኝ አልፈርድበትም። እኔ ግን በዓይኔ አይቻለሁ።

ቅዳሜ ነው፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። የታላቅ ወንድሜ ፎቶ ቤት ውስጥ ነን። አንድ በርጩማ፣ ሰማያዊ መጋረጃ፣ አንድ አሮጌ ካሜራ። ሌላ ካሜራ የለንም።

ካሜራው ላይ ያለው የፍላሹ ሽቦ ላልቷል። አንዳንዴ ይይዛል፣ አንዳንዴ ይለቃል። እምቢ ሲል ወንድሜ መታ ያደርገዋል... ያኔ ይበራል።

ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ፍላሹ እምቢ አለ።

"ይሄ ዱላ ካልቀመሰ አይሠራም!" ብሎ ወንድሜ በጥፊ አላጋው።

ቦግ!

ልብስ ሰፊዋ ጮኹ። "ማነው የመታኝ?"

ማንም አጠገባቸው አልነበረም። ጉንጫቸው ላይ ግን... አምስት ጣት።

እየተራገሙ ወጡ።

ቀጥሎ ታናሽ እህታችን ተቀመጠች። ለሥራ ማመልከቻ ፎቶ ያስፈልጋት ነበር። ፍላሹ አሁንም እምቢ አለ።

"ጋሼ... እንዳትመታው" አልኩት በሹክሹክታ።

"አንተ ደግሞ ጥላህንም ትፈራለህ!"

በቡጢ ነረተው።

ቦግ!

እህቴ ከነበርጩማው ወደ ኋላ ተገነደሰች። ቀና ስትል አፏ ደም ሞልቷል። መዳፏ ላይ ጥርሷን ተፋችው።

ወንድሜ ቡጢውን አየው። ካሜራውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ካቻቢቴ አነሳ።

"ሽቦውን ላጥብቀውና ልገላገል።"

"ተወው፣ እንጣለው። በቡጢ እንዲህ ከሆነ... በካቻቢቴስ?"

"ብንጥለውስ? አንዱ አንስቶ ሰው ፊት ቢከሰክሰውስ?"

እህቴን ደግፌ አነሳኋት።

"የሚጎዳው ፊት ለፊቱ ያለውን ነው" አለ። "ስንጠግነው ፊቱ ማንም አይኑር።"

እህቴን በሩ ጋ አቆምናት። ሌንሱን ወደ ባዶው በርጩማ አዞርነው።

ብሎኑ ዝጓል። ወንድሜ በሙሉ ጉልበቱ ተጫነው... ካቻቢቴው አዳልጦት ፍላሹ ውስጥ እስከ እጀታው ተሰካ።

ከበርጩማው ላይ የሰው ጩኸት ወጣ።

የማናውቀው ወንድ ድምፅ።

በርጩማው ባዶ ነው። ደም ግን ከጠርዙ ይንጠባጠባል... ጠብ... ጠብ...

ወንድሜ ደንግጦ ካቻቢቴውን ነቀለው።

ጩኸቱ ባሰ። ከዚያ ጸጥ አለ።

በርጩማው ወደ ኋላ ተንሸራተተ፣ ሰው ሲነሳ እንደሚገፋው።

ወለሉ ላይ ቀይ የእግር ዱካ ታየ። ቀጥሎ ሌላ። ወደ እኛ አልመጣም። ወደ በሩ ሄደ።

"ጋሼ..." አለች እህቴ። "ጆሮዬ ሥር... የሚተነፍስ ሰው አለ።"

"ውጪ! ክፈቺና ውጪ!" ብሎ ጮኸ ወንድሜ።

እጇን ዘረጋች።

መቀርቀሪያው ቀደማት። ከውስጥ፣ ቀስ ብሎ፣ ተንሸራትቶ ተዘጋ።

ብረቱ ላይ ቀይ የአውራ ጣት አሻራ ቀረ።