አንድ ስንዝር ነፋስ

ከምሳ መልስ፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ዘበኛው ሲዘጋ ራሱ የሚቆለፈውን የሙከራ ክፍል በመጠባበቂያ ቁልፍ ሲከፍት ኢንጂነሩ በጀርባው ተዘርሮ ተገኘ። አንገቱ ዙሪያ ቀጭን ሰንበር ነበረ። ጠረጴዛው ላይ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ አዲሱ የመረጃ ማከማቻ ፍላሽ ይጽፋል፣ ያጠፋል፤ ትንሿም ማራገቢያ ነፋሷን ትልክለታለች።

ታናሽ እህቱ ሬሳውን ስታይ ወደሱ ሮጠች። ያሳደጋት እሱ ነው። እዚህም ሥራ አስገብቶ የፍላሾቹን ፍጥነት መለካት ያስተማራት እሱ ነው። ልትወድቅ ስትል ደግፈው ያቀፏት አባባ ነበሩ። አባባ የመሥሪያ ቤቱ አንጋፋ መሐንዲስ ናቸው፤ ፍላሹን ከድሮው ሦስት እጥፍ ያፈጠነውን ዘዴ የፈለሰፉትም እሳቸው።

የመጣችው መርማሪ አጭር፣ ወፈር ያለች፣ እንቅልፍ ያሸነፋት የምትመስል ሴት ነበረች። ያን ዓይነት እንቅልፋም ግን ጅብ አይበላውም። ሬሳው ከተነሣ በኋላ ሁሉንም እዚያው የሙከራ ክፍል አስቀመጠቻቸው።

«ሰባት ሰዓት ከአሥር ላይ በሩን ስትደበድብ ያየሁት እሷን ነው» አለ ዘበኛው፣ ልጅቷን ላለማየት አንገቱን ደፍቶ። «ጠዋትም ከወንድሟ ጋር ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ።»

«በምን ተጨቃጨቃችሁ?» አለች መርማሪዋ።

«አባባን እንዳያዋርዳቸው ለምኜው ነው። ዘዴያቸው ጉድለት አለበት፣ ነገ የፍላሹ ገዢዎች ፊት እናገራለሁ አለ።»

«ምን ዓይነት ጉድለት?»

«ፍላሹ ሳይጽፍ ‹ጽፌያለሁ› ይላል። የፈጠነው ለዚያ ነው። መብራት ድንገት ቢጠፋ ተጽፏል የተባለው ሁሉ ድራሹ ይጠፋል። ገዢዎቹ ደግሞ ሆስፒታሎች ናቸው።»

«ታዲያ በሩን ለምን ደበደብሽ?»

«ይቅርታ ልለው ነበር። አልከፈተልኝም። ተቀይሞኛል ብዬ ሄድኩ።»

የመሥሪያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ። «ከስድስት ተኩል እስከ ሰባት ከእሷ ጋር ምሳ ስንበላ ነበር። ከዚያ በኋላ የት እንደሄደች እኔ አላውቅም።»

«እኔ ሰባት ሰዓት ላይ በበሩ ሳልፍ ሲስል ሰምቼዋለሁ» አሉ አባባ፣ ዕንባቸውን በመዳፋቸው እየጠረጉ። «እሷን ግን አትጠርጥሩብኝ፣ ልጄ ናት።»

ልጅቷ በልቧ አሰላችው። ሰባት ሰዓት ላይ በሕይወት አለ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ በሩ ላይ የታየችው እሷ ናት። አባባ ሊያወጧት ሲሉ ጭራሽ ማጥ ውስጥ የከተቷት መሰላት።

መርማሪዋ ሌሎቹን አስወጥታ እሷን አስቀረቻት።

«ይቺ ማራገቢያ ምን ትሠራለች?»

«ፍላሽ በኃይል ሲጽፍ ይግላል። ሲግል ደግሞ እንዳይቃጠል ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ነፋስ ካላገኘ ልኬታችን ዋጋ የለውም።»

መርማሪዋ ከማራገቢያዋ እስከ ፍላሹ በጣቶቿ ለካች። ልክ አንድ ስንዝር።

«ሁልጊዜ እዚህ ናት?»

«አንዲት ጣት አትርቅም። የሚለካው ሦስታችን ብቻ ነን፤ እኔ፣ ወንድሜ፣ አባባ። ያስለመዱን አባባ ናቸው። ሥራ አስኪያጁማ እንደ ተራ ዕቃ ነው የሚገፏት።»

መርማሪዋ የማራገቢያዋን የኤሌክትሪክ ገመድ ጎንበስ ብላ ትክ ብላ አየችው። ከሁለቱም ጫፍ የሚነቀል፣ ቀጭን ገመድ ነው።

«ፍጥነቱ የት ይመዘገባል?»

«በየደቂቃው፣ ማዶ ክፍል ያለው የኔ ኮምፒውተር ላይ።»

ሄደው ከፈቱት። ፍጥነቱን የሚያሳየው መስመር በምሳ ሰዓት ቁልቁል ወርዶ፣ ቆይቶ ተመልሶ ወጥቷል። ልጅቷ ሰዓቱን በጣቷ እየተከተለች ደግማ አነበበችው። ማራገቢያዋን በስንዝር ለክቶ የሚመልስ እጅ፣ ወንድሟ ከሞተ ወዲያ፣ ሁለት ብቻ ነው የቀረው። አንዱ የራሷ ነው።

«ትንፍሽ እንዳትዪ» አለቻት መርማሪዋ።

ሁሉም እንደገና በሙከራ ክፍሉ ሲሰበሰቡ አባባ አጠገቧ ተቀምጠው እጇን ያዙ። «አይዞሽ፣ የኔ ልጅ።» ልትስበው ፈለገች፤ የመርማሪዋን ቃል አስባ ግን ተወችላቸው።

«እዚህ ቤት አንድ ምስክር አለ» አለች መርማሪዋ። «ዓይን የለውም፤ ሙቀት ግን ያውቃል። ስድስት ሰዓት ከሠላሳ ስምንት ላይ ፍላሹ መዘግየት ጀመረ፤ ነፋሱ ተቋርጦበታል። ስድስት ሰዓት ከሃምሳ ላይ እንደገና ፈጠነ። አሥራ ሁለት ደቂቃ ሙሉ የማራገቢያዋ ገመድ የት ነበር? ሰንበሩን አይታችኋል፤ ስፋቱም የገመዱ ስፋት ነው።»

ሥራ አስኪያጁ አንገቱን ዳበሰ።

«በዚያ ሰዓት ልጅቷና ሥራ አስኪያጁ ምሳ ላይ ናቸው። ዘበኛው ቁልፍ አለው፤ ግን ሰው የገደለ ዘበኛ ማራገቢያ በስንዝር ለክቶ ይመልሳል? የሚመልሰው እጁ የለመደ ሰው ነው። አባቴ፣ ሰባት ሰዓት ላይ ሲስል ሰማሁ አሉን። ከሞተ አሥር ደቂቃ ያለፈው ሰው እንዴት ይስላል?»

ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ይባላል፤ አባባ ግን አሁን መጮኹም ከዳቸው። የልጅቷን እጅ ቀስ ብለው ለቀቁት።

«ሃያ ዓመት የደከምኩበት ነው» አሉ በሹክሹክታ። «ለመንኩት። ‹ሰው ይሞትበታል፣ አባባ› አለኝ። ማራገቢያዋን… መመለሴን እንኳ አላስታውስም።»

ልጅቷ ተነሣች። ጠዋት ወንድሟን የተቆጣችው፣ በመጨረሻ ቃሏም ያስከፋችው፣ ለእኚህ ሰው ብላ ነበር።

«አባባ» አለች፤ «ለዕቃው ነፋሱን መለሱለት። ለወንድሜ ግን ትንፋሹን ከለከሉት።»

መርማሪዋ ገመዱን ነቅላ ከረጢት ውስጥ ከተተችው። ማራገቢያዋ ቆመች። ማዶ ክፍል ኮምፒውተሩ ላይ መስመሩ ቁልቁል መውረድ ጀምሯል፤ የልጅቷ እጅም በልማዱ፣ አውራ ጣትና መሐል ጣቱን ለስንዝር ከፍቶ፣ ወደ ፍላሹ ተዘረጋ። ከማን እንደተማረችው ትዝ ሲላት ደነገጠች፤ ጣቶቿን ጨብጣ ሰበሰበቻቸውና ፍላሹ እንዲግል ተወችው።