የሙት ዓመቱ ያልወጣው ኮምፒውተር

ይህ የደረሰው በራሴ ላይ ነው። የማታምኑ አትመኑ፤ ቁጭ ብዬ የማሳምንበት ትዕግሥት የለኝም።

ነሐሴ 2005፣ ፍልሰታ። ፍኖተ ሰላም። ከቀኑ ስምንት ሰዓት... ሰማዩ ግን እንደ ማታ ጠቁሯል፤ ዶፍ ይወርዳል።

በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ ሥራ እስካገኝ ድረስ የእትየ ባንቺአየሁን ኢንተርኔት ቤት እይዝ ነበር። ቤቱን የከፈተው ልጃቸው ስመኘው ነው። ደንበኛ ሁሉ በፍላሽ ቫይረስ ይዞ ስለሚመጣ ስድስቱም ኮምፒውተሮች ላይ ቫይረስ የማይደፍረውን ሊኑክስ ጭኗል። ጎበዝ ነበር ይላሉ። እኔ አላውቀውም። ስመጣ ሞቷል።

ያን ቀን ጠዋት መብረቅ ወረደ። ሞደሙን ብቻ ደርሼ ነቀልኩት። አምስቱ ኮምፒውተሮች ተቃጠሉ።

ስድስተኛው ተረፈ... የስመኘው።

እሱም እንደሌሎቹ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ነበር።

ጥግ ላይ ለብቻው ነው የሚቀመጠው። እትየ ባንቺአየሁ ቀይ ርግብ በጠለፉበት ነጭ ጨርቅ ሸፍነውታል። ማንም እንዲነካው አይፈቅዱም።

በሩ ተበረገደ። ላስቲክ የተከናነበች ልጅ ውኃ እያንጠባጠበች ገባች።

"ኢንተርኔት አለ? የዚያኛው ኢንተርኔት ቤት ባለቤት ሱባኤ ገብቷል አሉኝ። አንቺስ አልገባሽም?"

"እኔ ምን ኃጢአት አለብኝ?"

ሳቀች። ፍሬሕይወት ትባላለች፤ ከቡሬ ገጠር ነው የመጣችው። የአንድ ኮሌጅ የነፃ ትምህርት ማመልከቻ በዚያው ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ካልላከች አባቷ በጥር ለአንድ ሰውዬ ሊድሯት ቃል ሰጥተዋል።

"ሰውየውን አይተሽዋል?" አልኳት።

"አይቸዋለሁ። ለዚህ ነው በዝናብ የመጣሁት።"

ሞደሙን መልሼ ሰካሁና ጨርቁን ገፍፌ ወንበር ላይ ጣልኩት። ትኩስ ነበር። የፋኑን መተንፈሻ ደፍኖታል። ኮምፒውተር እንደ ሕፃን ጠቅልለው ደግሞ ፍጠን ይሉታል!

ስክሪኑ በራ። ብሮውዘሩ ላይ አንድ ገጽ ክፍት ነው። መሐሉ ላይ ክቧ ትዞራለች... ትዞራለች...

አዲስ ገጽ ከፈትኩ። አልንቀሳቀስ አለ። ብሮውዘሩ ያጠራቀመውን ሁሉ አጸዳሁ። የተለጣጠፉበትን ትርፍ ነገሮች አጠፋሁ። ያው ነው። ከጀርባ ምን እየሠራ እንደሆነ ስመለከት ሜሞሪውን ያ አንድ ገጽ ብቻውን ጠጥቶታል።

ልዘጋው ስል አንድ እጅ እጄን ያዘኝ።

እትየ ባንቺአየሁ ነበሩ። ከጓሮ ሲገቡ አልሰማሁም።

"አትዝጊው፣ ያምሮት ልጀ" አሉ በሹክሹክታ። "ስመኘው የጀመረው ነው።"

ያን ጊዜ ነው የነገሩኝ። ባለፈው ዓመት እሱም ለዚያው ኮሌጅ ፎርም ሞልቶ ነበር። ገጹ አልሄድ ሲለው "ባሕር ዳር ሄጄ እልከዋለሁ" ብሎ ወጣ። ቡሬ ሳይደርስ መኪናው ተገለበጠ። ከዚያ ወዲህ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ብሮውዘሩ "የነበረውን ልመልስ?" ብሎ ይጠይቃቸዋል። እሳቸውም "አዎ" የሚለውን ይጫናሉ። የሙት ዓመቱ ሳይወጣ የልጃቸውን ነገር አያስነሡም።

"የሙት ዓመቱ ነገ ነው። እስከ ነገ ታገሽኝ።"

"እሷ ነገ የላትም፣ እትየ።"

"በሞቴ!"

"የሞተ ሰው ወረፋ አይዝም!"

ክፉ ንግግር ነው። አልመለስኩትም። ገጹን ዘጋሁት።

ተመልሶ መጣ።

ብሮውዘሩን ራሱን በግድ አጠፋሁት።

ተመልሶ መጣ... "ልመልስ?" ብሎ እንኳ አልጠየቀም።

ፎርሙን ልብ ብዬ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ስመኘው ወልደ ሥላሴ። ዕድሜ፣ 19።

ዐይኔ እያየ 9ኙ ጠፋ። 1ዱም ጠፋ።

20።

"አንቺ ነሽ?" አለች ፍሬሕይወት።

ሁለቱንም እጄን አንሥቼ አሳየኋት።

"ዘንድሮ..." አሉ እትየ ባንቺአየሁ። "ዘንድሮ ሃያ ይሞላው ነበር።"

የኢንተርኔቱን ኬብል ነቀልኩት። ምንም ካላገኘ መፈለጉን ይተዋል ብዬ ነው።

ክቧ አልቆመችም።

ፍሬሕይወት ወደ በሩ አፈገፈገች። "ይቅርብኝ... ልሂድ።"

"ወዴት? ወደ ጥር?"

ቆመች።

እትየ ባንቺአየሁ ያማትባሉ። እኔ ግን ተናደድኩ። አንድ ደንበኛ ጊዜው አልቆ ከወንበሩ አልነሣም ሲል የሚመጣብኝ ንዴት ነው፤ ሌላ አይደለም።

"ስመኘው" አልኩ ስክሪኑን እያየሁ። "ጨርስና ተነሥ። ሰው ቆሟል።"

"ላክ" የሚለውን ተጫንኩለት።

ክቧ ቀጥ አለች።

"ማመልከቻዎ ደርሶናል።"

ፋኑ ረጅም ትንፋሽ አውጥቶ... ዝም አለ።

ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ በረረ። የፍሬሕይወት ገጽ ገና አድራሻውን ጽፌ ሳልጨርስ ተከፈተ። እሷ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ላክን። ደረሰ። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ትንሽ ነበር የቀረው።

"በቃ፣ ሰውየው ሌላ ይፈልግ!" አልኩ።

አልሳቀችም።

"ያምሮት..." አለች ቀስ ብላ።

"ምን?"

"ኬብሉ... ጭንሽ ላይ ነው።"

አየሁት። ጭኔ ላይ ነው።

ከኋላዬ እትየ ባንቺአየሁ ጎንበስ ብለው ከጠረጴዛው ሥር ይፈልጋሉ። ጨርቁ ወንበሩ ላይ የለም። መሬትም አልወደቀም። ከእኛ ከሦስታችን ሌላ የገባም የወጣም ሰው አልነበረም።

በኅዳር ስልኬ ጮኸ። ፍሬሕይወት ናት። ኮሌጁ ተቀብሏት ትምህርት ጀምራለች። ድምፅዋ ግን የደስታ አልነበረም።

"የኮሌጁ ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ነኝ" አለች በሹክሹክታ። "ጥግ ላይ ማንም የማይነካው ኮምፒውተር አለ... ጨርቅ ለብሷል።"

"ምን ዓይነት ጨርቅ?"

"ቀይ ርግብ ያለበት።"



"ግለጪው።"

"እፈራለሁ።"

"በዚያ ሁሉ ዝናብ የተደበደብሽው ልትፈሪ ነው? ግለጪው!"

እርምጃዋን ሰማሁ... ቆመ።

"ፍሬሕይወት?"

"ጫፉን አነሣሁት... ይሞቃል።"

"እሺ?"

"ከሥሩ ኮምፒውተር የለም፣ ያምሮት። ምንም የለም።"

"ታዲያ ጨርቁ ምን ላይ ነው የቆመው?"



በስልኩ ውስጥ፣ ቅርብ ሆኖ፣ ፋን ይዞር ነበር።