ሃያ አራት፣ በጭላሎ ጉም ውስጥ

«ጨው ጨምሪበት እንጂ!» አለ ብሩክ። «የአባባ የደም ግፊት ወደ ሃያ አራት ወርዷል!»

«ትናንት ጨው፣ ዛሬም ጨው» አሉ አቶ ወልደጻድቅ ከፈረሱ ላይ፣ ራሳቸውን በሻሽ ጠፍረው። «አሞሌ የሚልስ በሬ መሰልኩህ?»

ራሄል በሶውን በጠበጠች። አቶ ወልደጻድቅ አባቷ ናቸው። ብሩክ ባሏ ነው፤ ጥያቄው ሳያልቅ መልስ የሚሰጥ ሰው። ከውጭ አገር የተላከላቸው የግፊት መለኪያ ሃያ አራት በአሥራ አራት ሲል፣ «የጤነኛ ሰው መቶ ሃያ ነው፤ በጣም ወርዶባቸዋል» ብሎ ፈረደ። የሽማግሌው ራስ ምታት ግን ባሰ። ዝናቡ የመኪናውን መንገድ ስለቆረጠው፣ የጭላሎን ተራራ ዞረው በፈረስ ወደ አሰላ ሐኪም ቤት ተነሡ።

ጉሙ ከአስታው ጫካ ወጥቶ ዋጣቸው። የጅብራ ዛፎቹ ነጠላ እንደለበሱ ለቀስተኞች በዝምታ ያልፏቸዋል፤ የቆመው ማን፣ የሚሄደው ማን እንደሆነ አይለይም።

«እነዚያ ሰዎች ሰላምታ አያውቁም?» አሉ አቶ ወልደጻድቅ።

ራሄል ዞር ብላ አየች። ሰው አልነበረም።

ፈረሱ ድንገት ተገተረ። ጅብ፣ ከጉሙ ተቆርጦ የወጣ ይመስል፣ መሐል መንገድ ቆሞ ያያቸዋል። ብሩክ ዱላውን ወረወረ። ጅቡ ሳይቸኩል ተመልሶ ጉሙ ውስጥ ሟሟ።

ከቁልቁለቱ በታች ወንዙ ሞልቶ ድንጋይ ያንከባልላል።

«እንመለስ» አለ ብሩክ። «የወረደ ግፊት በጨው ይስተካከላል። የወሰደን ወንዝ ግን አይመልሰንም።»

«አባዬ ሰውና ዛፍ መለየት አቅቷቸዋል!» አለች ራሄል። «መለኪያው ልክ መሆኑን እንይ፤ እስቲ አንተም ተለካ።»

መለኪያውን ክንዱ ላይ አሰረችለት። አሥራ ስድስት በአሥር።

«እንግዲህ ሬሳው አንተ ነሃ» አሉ አማቱ።

ብሩክ አልሳቀም። መለኪያውን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። ጥጉ ላይ ትንኝ የምታህል ጽሑፍ አለች፦ ኪሎ ፓስካል። የድሮው የፊዚክስ ትምህርት፣ ከጉም እንደሚወጣ ተራራ፣ ቀስ ብሎ ታየው። ሐኪም መቶ ሃያ የሚለው በሜርኩሪ ሚሊ ሜትር ነው፤ ያው አንዱ የአየር ግፊት በሜርኩሪ ሰባት መቶ ስድሳ ሚሊ ሜትር፣ በኪሎ ፓስካል መቶ አንድ ነው። አንዱ ኪሎ ፓስካል ሰባት ተኩል ሚሊ ሜትር ያህላል ማለት ነው። የእሱ አሥራ ስድስት ወደ መቶ ሃያ ተለወጠ። የአማቱ ሃያ አራት ደግሞ…

«መቶ ሰማንያ» አለ። «አልወረደም ራሄል። ወጥቷል። እኔ ደግሞ ጨው አጠጣኋቸው።»

በሶውን ወንዙ ላይ ደፋ። ልጓሙን ክንዱ ላይ ጠምጥሞ ገባ። ውኃው ደረቱን መታው፤ ወደቀ፤ ተነሣ፤ ልጓሙን አልለቀቀም። ራሄል የፈረሱን ጭራ ይዛ ተከተለች። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እንደሚያንቀላፋ ሰው፣ በወንዙ ላይ ተንሳፍፈው አለፉ።

አሰላ ላይ የጋሪ ፈረሶች ኮቴ ተቀበላቸው። ሐኪም ቤት ነርሷ ሚልካ ለካቻቸው።

«መቶ ሰማንያ በመቶ አምስት። ተመልሳችሁ ቢሆን ኖሮ እንጃ!»

መድኃኒቱ ሲሠራ አቶ ወልደጻድቅ በመስኮት ወደ ውጭ አዩ። «ያ ዛፍ ነው» አሉ። ራሄል ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ብሩክ ሱሪው ሳይደርቅ አልጋው ግርጌ ተንበረከከ።

«አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ። ቁጥሩን አየሁ እንጂ፣ በምን እንደተሰፈረ አልጠየቅሁም።»

«ግድ የለም ልጄ» አሉ ሽማግሌው። «የዘንድሮን ገብስ ስንካፈል ግን ቁናውን የምይዘው እኔ ነኝ።»