አራተኛው ፊት

ጠጋ በሉኝማ። ይህ ታሪክ በጩኸት አይነገርም፤ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነው።

ደሴ ከተማ፣ ከተራራው ሥር፣ አንዲት ትንሽ ቤት አለች። እዚያ ቤት ዘሀራ የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ ትኖራለች።

ታናሽ ወንድሟ ኑሩ ይባላል። ገና ሦስት ዓመቱ ነው፤ አንድ ቦታ መቀመጥ ፈጽሞ አይሆንለትም።

የዒድ ዕለት ጠዋት ነበር። ዘሀራ አረንጓዴ ቀሚሷን ለብሳለች፤ ኑሩ አዲስ ቀይ ጫማውን አድርጓል።

ጭርርር! ስልክ ጮኸ። ከገጠር የደወሉት አያታቸው እማማ ፋጤ ናቸው።

«እግሬን አሞኝ መምጣት አልቻልኩም» አሉ። «እስቲ ፎቶ ተነሡና ላኩልኝ። አንድም ሰው እንዳይጎድል!»

«እሺ እማ፣ አንድም ሰው አይጎድልም» አለ እንድሪስ፣ የነዘሀራ አባት።

ሾፌሩ አሊ ከሰዓት በኋላ ወደ እማማ ፋጤ አገር ይሄዳል። ፎቶው ከዚያ በፊት ታጥቦ እጁ መግባት አለበት።

ግን ጉሙ! ወይ የዚያን ዕለት ጉም!

ሽ… ሽ… ሽ… ከተራራው ቀስ ብሎ ወረደ። አጥሩን ዋጠው። ዛፉን ዋጠው። የጎረቤትን ቤት ከነጣሪያው ዋጠው።

አባት ስልኩን ጄሪካን ላይ አቆመው። «ራሱ ያነሣናል፤ እኔ ሮጬ እመጣለሁ። ንቅንቅ እንዳትሉ!»

እናታቸው ሰዓዳ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ዘሀራ አጠገቧ ቆመች። ኑሩ ከፊት፣ በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

አምና ኑሩ የተቀመጠው በርጩማ ላይ አልነበረም። አያቱ አባባ ይመር ጭን ላይ ነበር። አባባ ይመር ግን ክረምት ላይ ሞቱ።

ቲት… ቲት… ቲት… አባት ሮጠ።

ሽ… ሽ… ሽ… ጉሙም መጣ። ዘሀራ የገዛ እጇን እንኳ ማየት አቃታት።

ከጉሙ ውስጥ የሆነ ነገር ሰማች። ኳ… ኳ… ኳ…

ጉሙ ሳሳ። ቀጭ!

አባት ስልኩን አነሣና ቆጠረ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት! በቃ፣ ሁላችንም አለን!»

ዘሀራ ግን ጠጋ ብላ አየች። አንድ፣ አባዬ። ሁለት፣ እማዬ። ሦስት፣ እኔ። አራተኛው ፊት…

አራተኛው ፊት የኑሩ አይደለም!

ከመስኮቱ ኋላ ያለ ፊት ነው። ነጭ ጥምጥም አድርጓል። ቀጥ ብሎ ዘሀራን ያያታል።

እሷም ዞር ብላ መስኮቱን አየች። ማንም የለም። ኑሩ በርጩማው ላይ ቁጭ ብሎ ቁና ቁና ይተነፍሳል።

«የት ሄደህ ነው?» አለችው በሹክሹክታ።

ኑሩ ጣቱን አፉ ላይ አደረገ። «እየመጣ ነው» አላት።

«ማን?»

«እየመጣ ነው።»

ዘሀራ ፎቶውን ለእናቷ አሳየቻት።

«ቢስሚላሂ!» አለች እናቷም ፎቶውን ስታይ። «መስኮቱ ላይ ያለው ማነው?»

«ኧረ ጉም ነው! ጉም ስንቱን ያስመስላል» አለ አባት። «ኑሩ፣ ዝም ብለህ ተቀመጥ። እንደገና!»

ቲት… ቲት… ቲት… አባት ሮጠ።

ሽ… ሽ… ሽ… ጉሙ መጣ። ኳ… ኳ… ኳ… ኮቴው መጣ።

ቀጭ!

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት…» አባት ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠጋ።

ነጩ ጥምጥም አሁን መስኮቱ ላይ አልነበረም። በሩ ላይ ነበር! ኑሩም ፎቶው ውስጥ የለም።

«እየመጣ ነው» አለ ኑሩ፣ ከበርጩማው ላይ ሆኖ።

«እንድሪስ፣ እኔ አልወደድኩትም» አለች እናት። «እንግባ በቃ!»

«አንድ ጊዜ ብቻ» አለ አባት። ድምፁ ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም።

ቲት… ቲት… ቲት…

ሽ… ሽ… ሽ…

ኳ… ኳ… ኳ…

ቀጭ!

ፊቱ አሁን ከዘሀራ ጀርባ ነበር። ደግሞ ዝቅ ብሏል፤ ወገቧ ድረስ ብቻ ነው። ከታች ያለውን ጉሙ ሸፍኖታል። ዘሀራ እንዲህ ያለ አጭር ሽማግሌ በሕይወቷ አይታ አታውቅም! ዞር ብላ ስታይ ግን ከኋላዋ ጉም ብቻ ነው።

«በቃ፣ ፎቶው ይቅር» አለ አባት። «ለእናቴ ደውዬ አልሆነልንም እላታለሁ።»

እማማ ፋጤ ቀኑን ሙሉ መንገድ መንገዱን ሊያዩ ነው። ደግሞስ ያ ፊት ኑሩን ይዞት ቢሄድስ?

«አባዬ፣ አንዴ ብቻ» አለች። «እኔ ኑሩን እይዘዋለሁ። አለቀውም።»

የኑሩን ትንሽ እጅ ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

ቲት… ቲት… ቲት… ሽ… ሽ… ሽ… ጉሙ መጣ።

ሙልጭ! የኑሩ እጅ ከእጇ አመለጠ።

ኳ… ኳ… ኳ… ኮቴው ራቀ።

«ኑሩ!» «ኑሩዬ!» ጭጭ።

ልቧ ድው ድው ድው አለ። ቢሆንም ወንድሟ ነው። እጆቿን ወደፊት ዘርግታ፣ ወደ ጉሙ ገባች።

አንድ እርምጃ። ሁለት እርምጃ። ሦስት እርምጃ።

አራተኛው እርምጃ ላይ ጣቷ አንድ ነገር ነካ። ቀዝቃዛ ነው። ለስላሳ ነው። ፊት ነው!

«እማዬዬዬ!»

ከዚያ ቁልቁል አየች። ከፊቱ ሥር ሁለት እግሮች አሉ። እግሮቹ ቀይ ጫማ አድርገዋል።

«ኑሩ?»

«ከበደኝ» አለ ኑሩ፣ ከፊቱ ኋላ።

ጉሙ ሳሳ። ኑሩ ትልቅ የፎቶ ፍሬም ደረቱ ላይ አቅፎ ቆሟል። ፍሬሙ ውስጥ ነጭ ጥምጥም ያደረጉ ሽማግሌ አሉ።

አባባ ይመር!

አባትና እናት እየሮጡ መጡ። አባት ፍሬሙን ሲያይ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ከሳጥኑ ኋላ አይደል እንዴ የነበረው? ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ?»

«አባባ ጨለማ ውስጥ ነበር» አለ ኑሩ። «ና፣ ፎቶ እንነሣ አልኩት። ከበደኝ፤ አስቀመጥኩት። ደግሞ አነሣሁት። እየመጣ ነው አልኳችሁ እኮ!»

አባት ተንበረከከ። ዓይኑ እንባ ሞላ።

«እኔ ነኝ የደበቅኩት» አለ። «ሳየው ሆዴ እየባባ አስቸገረኝ። እናቴም ለዒድ ስትመጣ አይታው እንዳታለቅስ ብዬ ነው።»

ዘሀራ የአባቷን እንባ በአረንጓዴው ቀሚሷ ጫፍ ጠረገችለት። «እማማ ፋጤ እኮ አንድም ሰው እንዳይጎድል ነው ያሉት» አለችው።

አባት ኑሩን አንሥቶ በርጩማው ላይ አስቀመጠው። ፍሬሙንም አንሥቶ ጭኑ ላይ አደረገለት።

አምና ኑሩ አባባ ይመር ጭን ላይ ነበር። ዘንድሮ አባባ ይመር ኑሩ ጭን ላይ ተቀመጡ።

ቲት… ቲት… ቲት… ሽ… ሽ… ሽ… ጉሙ መጣ። ዘሀራ ጆሮዋን አቆመች። ኮቴ የለም። ኑሩ ንቅንቅ አላለም!

ቀጭ!

አባት ፎቶ ቤት በረረ። ፎቶው ታጠበ። አሊ መኪናውን ሊያስነሣ ሲል፣ በመስኮቱ ሰጠው።

ማታ ላይ፣ ጭርርር! ስልክ ጮኸ። ሁሉም ተሻምተው ጆሯቸውን ስልኩ ላይ ደቀኑ።

እማማ ፋጤ እየቆጠሩ ነው። «አንድ… ሁለት… ሦስት… አራት…»

ከዚያ አፍንጫቸውን ሳብ አደረጉ።

«አምስት» አሉ። «አልሐምዱሊላህ። ማንም አልጎደለም።»

«እማ፣ እያለቀስሽ ነው እንዴ?» አለ አባት።

«አዎ እያለቀስኩ ነው! ደስ ብሎኝ ነው፤ ተወኝ!»

አባባ ይመር ከኑሩ አልጋ በላይ ተሰቀሉ፣ ፊታቸው ወደ ልጆቹ ዞሮ። ኑሩ ቀይ ጫማውን እንዳደረገ እንቅልፍ ወሰደው።

ሽ… ሽ… ሽ… ጉሙ መስኮቱ ላይ መጣ። ዘሀራ ብርድ ልብሷን እስከ አገጯ ስባ ቀስ ብላ የቤቱን ሰው ቆጠረች። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት። አምስት።

ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች።