ከቅርፊቱ ሥር ያለው ቀለም

«ዛሬስ እንዴት አደረች?» አሉ አያቷ አልጋቸው ላይ ደገፍ እንዳሉ። ከዓይን ሕክምናው ወዲህ ሁለቱም ዓይኖቻቸው በፋሻ ተሸፍነዋል።

«ደህና ነች አባባ። አረንጓዴ ነች» አለች ቁንጥንጥ የሚሏት የልጅ ልጃቸው፣ ከበሩ ሳታልፍ።

ይህ አስራ ሁለተኛው ውሸቷ ነው፤ በየጠዋቱ አንድ። የሚጠይቋት ስለ ቦንሳይዋ፣ በሳህን ላይ ስለተተከለችው ድንክ ዛፍ ነበር። አያቷ ሰዓት ጠጋኝ ናቸው፤ ከሥራ ሲመለሱ በሽቦ እያሰሩ፣ በመቀስ እየቀነሱ፣ ይህችን ዛፍ ከክንድ እንዳትረዝም አድርገው ሃያ ሁለት ዓመት አሳድገዋታል። እናቷ «እኔንም እንዲህ ቢኮተኩቱኝ የት በደረስኩ!» እያለች ትቀልዳለች።

ቁንጥንጥ ደግሞ ዛፏን የጎዳቻት ስትንከባከባት ነው። ከወር በፊት፣ የአያቷ ዓይን ደክሞ አደራውን ስትቀበል ከበረንዳ አንስታ የጥናት ጠረጴዛዋ ላይ አኖረቻት። ከሳህኑ ሥር ባሉት ቀዳዳዎች የሚንጠባጠበው ውሃ ደብተሯን ሲያበሰብስባት ቀዳዳዎቹን በማስቲካ ደፈነቻቸው። እንዳትጠማም ጠዋት ማታ አጠጣቻት። አፈሩ ጭቃ ሆኖ ሸተተ፤ ቅጠሎቹም እየጠቆሩ አንድ ሳይቀሩ ረገፉ። እንዲህ ያለ ደግነት በጠላትም አይድረስ።

ክፍሏ ስትመለስ የአክስቷ ልጅ እንጨቷን በእስኪርቢቶ ይነካካል። መነጽሩ ከፊቱ ስለሚሰፋ ሁሉም ፕሮፌሰር ይሉታል።

«ይቺ አብቅቶላታል» አለ። «ችግኝ መሸጫው ጋ ቁርጥ እሷን የምትመስል አይቻለሁ። ፋሻው የሚፈታው ከነገ ወዲያ አይደል? እንተካታለን፤ አለቀ።»

«ያውቃሉ እኮ።»

«አታካብጂ ባክሽ! ገና ዓይናቸው በደንብ ሳያይ ምኑን ያውቃሉ? ፋራ አትሁኚ።»

ሐሳቡ ደስ አላት። መደሰቷ ደግሞ አሳፈራት። ዛፏ ገና ነፍስ ካላት በጭቃው ውስጥ የምታድርበት እያንዳንዱ ቀን ይገድላታል። ነፍስ እንዳላትና እንደሌላት የሚያውቁት ደግሞ አያቷ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውን ለመጠየቅ እውነቱን መናገር አለባት።

ሳህኑን አቀፈችና ወጣች። ፕሮፌሰር «ጉድሽ ፈላ» ብሎ ሸኛት።

ገና ከበሩ ስትገባ አያቷ አፍንጫቸውን ነፋ አደረጉ። «የምን ሽታ ነው?»

«የዛፏ ነው አባባ። ዋሽቼዎታለሁ። ቀዳዳዎቹን ደፍኜ በውሃ ገደልኳት መሰለኝ። አስራ ሁለት ቀን ሙሉ ዋሸሁ።»

አልተቆጧትም። ቢቆጧት ይሻላት ነበር። እጃቸውን ዘርግተው ራቁታቸውን የቀሩትን ቅርንጫፎች አንድ በአንድ ዳሰሱ።

«ቅርፊቷን በጥፍርሽ ፋቂው» አሉ በመጨረሻ። «ከላይ ጀምሪ። ቀለሙ ምንድን ነው?»

ፋቀች። «ቡናማ።»

«ሞቷል። ዝቅ በይ።»

«ይሄም ቡናማ ነው።»

«ዝቅ በይ።»

ከታች፣ አፈሩ አጠገብ ባለችው ቀጭን ቅርንጫፍ ላይ ቅርፊቱ ሲላጥ እርጥብ ነገር ጥፍሯን ነካው። «አረንጓዴ ነው አባባ! አረንጓዴ!»

«እሱንማ አስራ ሁለት ጊዜ ነግረሽኛል» አሉ።

ፊቷ እንደ እሳት ነደደ። «ፋሻው እስኪፈታ እንጠብቅና ራስዎ ይዩት» አለች።

«እስከዚያ መበስበሱ እዚያችም ይደርሳል። የሞተው ዛሬውኑ መቆረጥ አለበት፤ ጭቃውም ከሥሯ መታጠብ አለበት። መቀሱ መሳቢያው ውስጥ ነው።»

አመጣችው። ልክ ካልተናገረች፣ ወይም ዓይኗ ከተሳሳተ፣ የቀረችው አንዲት ሕያው ቅርንጫፍም አብራ ትሄዳለች። አያቷ ግን የነገረቻቸውን ከማመን በቀር ምርጫ የላቸውም።

አመልካች ጣታቸውን ያዘችና ግንዱ ላይ፣ ከቀጭኗ ቅርንጫፍ ከፍ ብሎ አረንጓዴው በሚያልቅበት ቦታ ላይ አስቀመጠችው። «ከዚህ በላይ ያለው ሁሉ ሞቷል» አለች። ከዚያ በላይ ያለው ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የቀረጹት ነው።

«እርግጠኛ ነሽ?»

ጎንበስ ብላ እንደገና ፋቀች፤ እንደገና አየች። «እርግጠኛ ነኝ።»

«በይ ቁረጪ።»

«ጣትዎን ያንሱልኝ፣ መቀሱ አጠገቡ ነው።»

«ጣቴ እዚሁ ይቆይ» አሉ።

ቁንጥንጥ ክንዷን በአልጋው ጠርዝ ላይ አስደገፈች። ከዚያ መቀሱን ከጣታቸው በላይ አስገባችና ጨምቃ ቆረጠች።